ዙህራ አታይም ይበሉልን

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢልያስ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ባሕር ማዶ ያለኸውን አላህ በሄድክበት ሁሉ ጥላ ይሁንህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ ነው የዘንድሮው ያስቸገረን።

በወረቀት መጻፌ አያስደንግጥህ፤ የሞተ ሰው የለም። ኢንተርኔቱ ከጠፋ ቆየ፣ ስልኩም ሲፈልግ ይሠራል ሲፈልግ ይኮርፋል። ቢሠራም ሱቅ ውስጥ ሆኜ የማወራው ነገር አይደለም፤ ፈትል ሊገዛ የገባ ሁሉ ጆሮውን ጥሎ ነው የሚያደምጠው። ይመኙሽ ጫማና ልብስ ልታመጣ ዱባይ ስለምትመላለስ ከእንግዲህ ፖስታ ቤታችን እሷ ናት። አደራ አትበላም፣ ወሬ ግን ትወዳለች፤ ስለዚህ ፖስታውን በሙጫ ለጥፌዋለሁ፣ አንተም ለጥፈው።

ነገሩ የዙህራ ነው። አንተ ስትሄድ አፍንጫዋን ትጠርግላት የነበረችው ትንሽ ልጄ ዛሬ ማራኪ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ሯጭም ሆናለች። ፊልጶስ የሚባል የድብ ባሕር ልጅ፣ የስፖርት አስተማሪ፣ ስትሮጥ አይቶ ያዛት። አዲስ አበባ ወስዶ አወዳደራት፣ አሸነፈች። በሚመጣው ወር ከአገር ቡድን ጋር አንተ ወዳለህበት ትመጣለች። ይሄ ሁሉ ሸጋ ነው። ቡድኑ ግን የአካል ጉዳተኞች ቡድን ነው።

ልጄ ዕውር አይደለችም ኢልያስ። ምስር ስትለቅም ጠጠር አታልፋትም፣ መርፌዬ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ እሷ ናት። ሲመሽ ዳፍንት ይይዛታል፣ እሱ እውነት ነው። ከጎኗ የቆመ ነገርም አንዳንዴ ያመልጣታል። ለዐረፋ የታሰረውን በግ ሳታይ በላዩ ላይ የወደቀች ጊዜ ሰው ሲስቅ እኔ ነኝ የገፋኋት ብዬ ተከላክያለሁ። የፍየል ጉበት አብልቻታለሁ፤ በልታ በልታ ዛሬ ፍየል ስትጮህ ከሰማች ያቅለሸልሻታል። ፊልጶስ ግን ሐኪም ቤት ወስዶ ወረቀት አስጻፈላት። በዚያ ወረቀት የተነሳ ነው ቡድኑ የተቀበላት። እኔ ነገሩ አልገባኝም፣ ደግሞም ደስ አላለኝም።

የአያ ዐብዱረሕማን ልጅ ጃቢር ሽማግሌ ልኳል። ሱቃቸው ከእኛ ወረድ ብሎ ነው፣ ታውቃቸዋለህ። ጨዋ ቤት ነው፣ ልጁም ጨዋ ነው። እህል ውሃዋ ከሆነ ከዒድ በኋላ ኒካሑ ይታሰራል። ስለዚህ እዚያ ላሉት የጎንደር ልጆች ሯጭ ናት በላቸው። ምን ዓይነት ሯጭ ካሉህ ፈጣን በላቸው።

አደራህን፣ ከሐኪም ጋር ስትገናኝ ብቻዋን አትተዋት። ለኒካሑም ሸጋ ሐር ጨርቅ ፈልግልኝ፣ ቀለሙን አንተ ምረጥ።

እህትህ ዐዚዛ

---

ዱባይ
የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እታለሜ ዐዚዛ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እጆች ሕመም አይንካቸው እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ መጋዘኑ ውስጥ ሥራው በዝቷል እንጂ ጤናው አለ።

ዙህራን አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበልኳት። ካይን ያውጣት፣ ቁመቷ እኔን አልፏል። ፊልጶስንም አገኘሁት፤ ትሑት ልጅ ነው። እታለም፣ ቀጥሎ ያለውን እንዴት እንደምነግርዎ አላውቅም፤ እንደሆነው ልጻፈው።

እዚህ ውድድር ላይ ማየት የተሳናቸውን ሯጮች እንደ ዐይናቸው ይመድቧቸዋል፤ ትንሽ የሚያየው ምንም ከማያየው ጋር እንዳይሮጥ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ወረቀት ብቻ አይበቃም፣ አዘጋጆቹ በራሳቸው ሐኪሞች ይመረምራሉ። ቡድኑ አስተርጓሚ ስላልነበረው እኔ ገባሁላት።

ተራዋን ስንጠብቅ ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ከፊቷ የገቡት ልጆች ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ጮክ ብለው ሲያነቡ ይሰማል። እሷ አንገቷን ደፍታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ እኔ ዱዓ ታደርጋለች ብዬ ነበር። ለካስ ፊደሎቹን እየያዘች ነው። ቁርኣንን በጆሮዋ የያዘች ልጅ ይሄ ምኗ ነው! ገብታ ከላይ እስከ ታች አንበለበለችው፣ ማንም ያላነበበው የመጨረሻው መስመር ብቻ ቀረ። ቀጥሎ ፊትን ውስጡ አስገብተው መብራት ሲበራ ቁልፍ የሚጫኑበት መሣሪያ አለ። መሣሪያው ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ዙህራ ድምፁን እየተከተለች ትጫናለች። ሐኪሙ ሆን ብሎ መብራት ያላበራባቸው ጊዜያት ነበሩ። ያኔም ተጫነች።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ብቻ ግራ ገባው። ዕድሜ ልኩን አላይም እያለ የሚያታልለውን ሲይዝ ኖሯል፤ አያለሁ ብሎ የሚያታልል ግን አጋጥሞት አያውቅም። «ምርመራው አልተጠናቀቀም» ብሎ ጻፈ። ያለ ምደባ መሮጥ አይቻልምና ሳትሮጥ ቀረች።

በመኪና ስንመለስ ምነው እንዲህ አደረግሽ አልኳት። «እናቴ ሰው ከጠየቀሽ አያለሁ በይ ብላ አስምላኛለች። አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ» አለችኝ።

ሌላ ውድድር በሚያዝያ ሻርጃ በምትባል ጎረቤት ከተማ አለ። ያኔም ካልተመደበች ቡድኑ በሌላ ሯጭ ይተካታል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ለትኬት ሁለት ጊዜ ገንዘብ እንዳይወጣ ብለው እኔና ባለቤቴ ጋር ትተዋት ሄደዋል። ሐኪሙ አንድ ነገር እንድጠይቅዎ ብሏል። ይሄ የዐይን ነገር በዘር የሚሄድ ነውና ከቤተሰቡ ውስጥ ሌላ እንዲህ ያለበት ሰው አለ ወይ? ዙህራ ማንም የለም አለች። እኔም የማውቀው የለም። እርስዎ ያውቁ እንደሁ ይጻፉልኝ።

ሐሩን ገና አልገዛሁም።

ታናሽዎ ኢልያስ

---

ጎንደር
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢልያስ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤህን ይመኙሽ እንዳመጣችልኝ ቆሜ አነበብኩት። አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! ምነው አንተ እንዲህ ያለውን ብሥራት የለቅሶ ደብዳቤ አስመስለህ ጻፍከው?

የፈረንጅ ሐኪም በመሣሪያ መርምሮ ታያለች ካለ ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን? ሰደቃ አወጣሁ። መስጊዱ በር ላይ ላሉት ምስኪኖች ዳቦ አድዬ ለዙህራ ዱዓ አስደረግሁላት። ለአያ ዐብዱረሕማን ቤትም መልእክት ላክሁባቸው፤ ልጄን ዱባይ ዐይኗን አይተው ጤነኛ ናት ብለዋታል አልኳቸው። እነሱም ለካ ከሆነ ቦታ ሹክ ያላቸው ሰው ኖሯል፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ልባቸው ዐረፈ። ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት ኒካሑ እንዲታሰር ተስማምተናል።

ሳትሮጥ መቅረቷ ከሆነ ያሳዘናት፣ ከጤነኞቹ ጋር ትሩጥ። የሚያየው ሰው የሚሮጥበት ውድድር አገሩ ላይ ጠፋ? እኔ ግራ የሚገባኝ ይሄ ነው። ሰው ልጁ እንዲያይለት ጠበል ይሄዳል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ ሐኪም ቤት ያድራል። እናንተ ሰው አየ ብላችሁ ታዝናላችሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ፤ እኔ የሰማሁት ግን የካቲት ላይ ነው።

ረመዳን ገብቷል ማለት ነው ይሄ ሲደርስህ። ዙህራ ጾሟን እንድትይዝ፣ ሐሩንም አትርሳ። ቀለሙን ልጅ ስለሆነች አረንጓዴ ይሁንላት ብያለሁ።

እህትህ ዐዚዛ

---

ዱባይ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ ዐዚዛ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ረመዳንዎ የተባረከ ይሁን፤ ጾምዎን ተቀባይ ጌታ ዱዓዎንም ይስማልዎ።

እታለም፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ነገሩን አሳስቼ ጽፌዋለሁ መሰለኝ። ዙህራ አታይም። ምንም አታይም ማለቴ አይደለም። በመቃ ውስጥ አሾልከው ሲያዩ እንደሚታየው ነው የሚታያት፤ ፊት ለፊቷ ያለውን ጠጠር ታያለች፣ ከጠጠሩ ግራና ቀኝ ያለው ዓለም ግን የለም። ፊልጶስ ያስጻፈው ወረቀት የሚለውም ይሄንኑ ነው። ሐኪሙ ታያለች አላለም፤ ዋሽታኛለች ነው ያለው።

ባለፈው ሐሙስ የሆነውን ልንገርዎ። ከኢፍጣር በፊት አመሻሽ ላይ ከሱቅ ስትመለስ ምግብ የሚያመላልስ ሞተር ብስክሌት ከጎኗ መጥቶ ገጫት። ክንዷና ጉልበቷ ተላልጧል፣ ስብራት የለም፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ስደርስ ባለሞተሩ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆሟል፤ እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ «አይቼው ነበር፣ እኔ ነኝ የተዘናጋሁት» ትላለች። ለፖሊሱም ይሄንኑ አለች። ባለሞተሩ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ራሱ ያምናል፣ እሷ ግን ጥፋቱን አልተወችለትም። ዝርክርክ መባል ይሻላታል እታለም። አይታየኝም ከምትል ዝርክርክ ብትባል ትመርጣለች።

ማታ ባለቤቴ ቁስሏን ስታጥብላት ጠየቅኳት። ትንሽ ልጅ ሆና እንግዳ ሊመጣ ሲል እርስዎ ቤቱን አስቀድመው ያስዞሯት እንደነበር ነገረችኝ፤ በርጩማው የት እንዳለ፣ ጀበናው የት እንደተቀመጠ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ። ሲያስጠኗት አልቅሳ እንደነበርም ነገረችኝ። እኔ እዚያው ቤት ነበር ያደግሁት፣ አንዱንም አላየሁ።

እሷ ቃሏን አታፈርስም። ማለፍ የምትችለው እርስዎ ፈቅጄልሻለሁ ካሉ ብቻ ነው። በስልክ አንዲት ቃል ትበቃለች። የሐኪሙንም ጥያቄ አልመለሱልኝም፤ ከዘመዶቻችን መሐል ሌላ እንዲህ ያለ ሰው ነበረ?

ታናሽዎ ኢልያስ

---

ጎንደር
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢልያስ፤

ዒድ ሙባረክ። ዒዱ ያለ ዙህራ ዋለ።

ስለ ዐይን አትጻፍልኝ። ልጄን እንድትጠብቅልኝ ነው የሰጠሁህ፣ ለሞተር እንድትሰጣት አይደለም። ቁስሏ ሲሽር በመጀመሪያው አውሮፕላን ላካት። የአያ ዐብዱረሕማን ቤት ቀኑን እየጠየቁኝ ነው፣ እኔም ልትደርስ ነው እያልኩ አፌ ደረቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉን ነው የፈለግኸው?

ስለ ዘመድ የጠየቅኸኝን፣ ዘመዶቻችንን አንተም ታውቃቸዋለህ።

ሐሩን ገዝተህ ከሆነ ከእሷ ጋር ላከው።

ዐዚዛ

---

ዱባይ
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ ዐዚዛ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ተቆጥተውኛል፣ እውነትዎን ነው። ልጅዎ እኔ እጅ ላይ እያለች ነው የተመታችው፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ደብዳቤዎን ለዙህራ አነበብኩላት። እናቴ ካለች እሄዳለሁ ብላ ያን ጊዜውኑ ሻንጣዋን ከተተች። አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። የመሮጫ ጫማዋን ግን ለባለቤቴ ሰጠቻት፣ ለእህትሽ ይሆናል ብላ። ባለቤቴ እህት የላትም። ዙህራ ይሄን ታውቃለች፣ ሰባት ሳምንት አብራን ኖራለች። እኔ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም እታለም፤ ብቻ ጫማውን ያየሁበት ሰዓት ልቤ ደማ።

ትኬቱን ለሚያዝያ 8 ቆርጫለሁ። የሻርጃው ምርመራ ሚያዝያ 9 ነው። ትኬቱን ለመለወጥ ጊዜ አለ፤ ይመኙሽ ሚያዝያ 4 ጎንደር ትገባለችና መልስ ካለዎት በእሷ ይስደዱልኝ፣ ወይም ስልኩ ከሠራ ይደውሉ። መልስ ከሌለዎት እንዳሉኝ አደርጋለሁ፣ ከዚህ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልጽፍም።

ታናሽዎ ኢልያስ

---

ጎንደር
ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢልያስ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ይመኙሽ ነገ ጠዋት ተመልሳ ትሄዳለች፤ ሻንጣዋን ሳትፈታ እንድትመለስ ለምኛታለሁ። እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፣ ቢዘበራረቅ አንተው አቃናው።

ትናንት ማታ ሱቅ ልዘጋ ስል ያ ፊልጶስ መጣ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ልጄን የወሰደብኝን ሰው አየሁት ብዬ ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ግን ልጁ ቁልቁል እያየ ሲቆም አንጀቴ አልቻለም። ሻይ አስመጣሁለት። ሻይ የሚያዞረው ሰው ብርጭቆዬን ከጎኔ አኖረው። ፊልጶስ ብርጭቆውን አነሳና ፊት ለፊቴ፣ እጄ ሥር አደረገልኝ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ቀጠለ። ክፉ ልጅ አይደለም።

ስለ ዙህራ አንድ ነገር ነገረኝ። ልምምድ ላይ ከጎኗ ሲሮጥ አውራልኝ ትለዋለች፣ ድምፁን ሰምታ የት እንዳለ እንድታውቅ። እሱም የድብ ባሕርን ወሬ፣ የጎረቤቱን ጠብ፣ ያገኘውን ሁሉ ያወራላታል። እሷ ስትሮጥ ትስቃለች አለኝ። ጮክ ብላ፣ እስክትንገዳገድ ትስቃለች አለኝ።

ኢልያስ፣ እኔ ልጄ ጮክ ብላ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ቤት ውስጥ ስትንቀሳቀስ ሁሌ ቀስ ብላ ነው፣ አፏን ይዛ ነው። ጨዋነቷ መስሎኝ ሰው ሲያመሰግናት እኮራ ነበር። ለካስ በርጩማ እየቆጠረች ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የእኔን ቤት ስትጠነቀቅ ኖረች።

ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ነጠላዬን ደርቤ የአያ ዐብዱረሕማን ቤት ሄድኩ። ልጄ አታይም አልኳቸው። ዱባይ ተመርምራ ጤነኛ ናት ተባለች ያልኳችሁ ውሸት ነው፣ ፈርቼ ነው፣ አፉ በሉኝ አልኳቸው። አያ ዐብዱረሕማን መቁጠሪያውን እያንከባለለ እናስብበት አለኝ። ሚስቱ እስከ በር ሸኘችኝ፣ ዐይኔን አላየችኝም። እናስብበት ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ስወጣ እግሬ ተሳስሮብኝ ደረጃውን ሳትኩት፣ ግን አልወደቅሁም።

አሁን ይሄን ለዙህራ ጮክ ብለህ አንብብላት። «ልጄ ዙህራ፣ እናትሽ ነኝ። ካስማልኩሽ መሐላ ነጻ ነሽ፣ ኃጢአቱ ካለበት በእኔ ላይ ይሁን። ያልታየሽን አይታየኝም በይ።»

በእኛ ቤት ዐይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ መማል ክልክል እንደነበር ታስታውሳለህ? ሰው ሁሉ እንደ ቀልድ ይምላል፣ እኔ ግን አንተን እንኳ አፍህን በጥፊ ብዬሃለሁ። ያን ጊዜ ምነው ብለህ ጠይቀኸኝ አልመለስኩልህም። ይመኙሽ በር ላይ ቆማለች።

እህትህ ዐዚዛ

---

ዱባይ
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ ዐዚዛ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። የእናት ደግነት የሚከፈለው በጀነት ነው፤ አላህ ይክፈልልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ልንሄድ ሻንጣው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ነው። ይመኙሽ ከአውሮፕላን ወርዳ ቀጥታ እኛ ቤት መጣች፤ ፖስታውን ስትሰጠኝ ሙጫው እንዳለ ነበር። እዚያው መኪናው አጠገብ ቆሜ አነበብኩላት። ዙህራ እንደገና አንብበው አለችኝ። እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ሻንጣዋን ራሷ አወረደች።

በምርመራው ቀን በሩን ዝጉልኝ አለች፤ ከውጭ ያሉትን እንዳትሰማ። ሐኪሙ ያው የድሮው ሰው ነበር፤ ሲያያት ወንበሩ ላይ ተደላድሎ እጁን አጣመረ። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች አነበበችለት። ወደ ታች ሲወርድ ማንበቧን አቆመች። «አይታየኝም» አለች። ተርጉም ሲሉኝ እታለም፣ እንግሊዝኛ ያልማርኩ ይመስል ቃሉ ጠፋኝ። ሐኪሙ ግን ገብቶታል። መሣሪያው ላይም ጆሮዋን በጥጥ ድፈኑልኝ ብላ አስደፈነች። መብራቱ ብዙ በራ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተጫነች። ወረቀቱ ሲወጣ መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ፣ ዙሪያው ሁሉ ጥቁር ነው። በሕይወቴ ያን ያህል ጥቁር አላየሁም።

ሐኪሙ ተነስቶ ጨበጣት፣ መደባት። ከቡድኑ ጋር የመጣው ፊልጶስ ኮሪደሩ ላይ ዘለለ፣ የቡድኑ ሰዎች አቀፏት፣ እንኳን ደስ አለሽ ይሏታል። እኔ መሳቅ አለብኝ ወይስ ማልቀስ? አንዲት ወጣት ልጅ ዐይንሽ አይድንም፣ እያደርም ይጠብባል ተብላለች፣ ሰው ያጨበጭባል። እሷ እየሳቀች ታለቅሳለች። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ቆየሁ።

በማግሥቱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሮጠች። አራተኛ ወጣች። የመጨረሻው ዙር ላይ አንዷ ከማታይበት ጎን ድንገት ስታልፋት ደንግጣ እግሯ ተሳከረ እንጂ ሦስተኛ ነበረች። ፊልጶስ ሜዳው ዳር ጮኾ ያወራላት ነበር፤ ስለ ድብ ባሕር ጠብ መሆኑን እምላለሁ። ስትጨርስ ሣሩ ላይ ተንጋላ ሳቀች። እንዳሉት ነው፣ ጮክ ብላ ነው የምትስቀው።

ከቡድኑ ጋር እንድትቀጥል ተነግሯታል። በግንቦት መጀመሪያ ጎንደር ትገባለች። ሐሩን ገዝቼ ነበር፤ ልላከው ወይስ ይቆይ?

ሐኪሙ ስንለያይም ያንኑ ጠየቀኝ። ከቤተሰቡ ውስጥ ሌላ ያለበት ሰው ካለ ማወቁ ይረዳዋል፣ ባይድንም መንከባከብ ይቻላል አለ። አልጽፍም ብዬ ነበር፣ ይቅርታ።

ታናሽዎ ኢልያስ

---

ጎንደር
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢልያስ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ልጄን በእጅህ ይዘህ እንዳሻገርክ አላህ አንተን ከክፉ ነገር ሁሉ ያሻግርህ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሱቅ ውስጥ ሴቶቹ ተሰብስበው ፈትል ሲማርጡ ነው። ሃጂራ ጎረቤቴ ምን አለ ዱባዩ አለችኝ። ከአያ ዐብዱረሕማን ቤት ከወጣሁ ወዲህ የደበቅሁት ነገር የለምና ዙህራ አታይም ተባለች፣ አለፈች አልኳቸው። አንዷ አላህ ያጽናሽ ልትለኝ አፏን ስትከፍት ሃጂራ እልል አለች። ምን ገብቷት እንደሆነ አላውቅም። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ሱቁ ሰርግ ቤት መሰለ። ልጇ አታይም ተብላ እልል የተባለላት እናት ጎንደር ላይ እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። እኔም እልል ልል ብዬ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ። አራተኛ መውጣትስ ደስ ይባላል ወይስ አይባልም? እሱንም አላወቅሁትም፣ ፊልጶስ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ።

እነ አያ ዐብዱረሕማን አሁንም እያሰቡ ናቸው። ጃቢር ግን ባለፈው ብቻውን ሱቅ መጥቶ አንድ የማይፈልገውን ፈትል ገዝቶ ሄደ፣ ዙህራ መቼ እንደምትመጣ ጠየቀኝ። እናትና አባቱ ይወቁ አይወቁ አልጠየቅሁትም። ልጄ ስትመጣ ራሷ ታነጋግረው፣ እኔ ከእንግዲህ በእሷ አፍ አልናገርም። ሐሩ ይምጣ፣ ለሰርግ ባይሆን ለዒድ ትለብሰዋለች።

የሐኪሙን ጥያቄ ደጋግመህ ጽፈህልኝ ደጋግሜ ዘለልኩት። ከእናቷ ወገን ነው በለው። ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። አንዲት ሴት አለች፣ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ፈትል የምትመርጠው በጣቷ ነው፣ ሲመሽ የሱቋን በር ግድግዳ ዳብሳ ታገኛለች፣ ባሏ እስኪቀበር ድረስ አላወቀባትም። ብትመረመር ስንተኛው ምድብ ውስጥ ትገባለች?

እህትህ ዐዚዛ